እማዬ እያወቀች ትጠይቀኛለች

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። «ነበረኝ» ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለእናቴ ሳይናገር ከሠፈር ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ወጣ። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደውሎ «ዛሬ ማታ እንሻገራለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። በ2013 ክረምት አብረውት ከሄዱት አንዱ ከሳዑዲ ተጠርዞ ተመለሰና እኔንና አጎቴን ለብቻችን ጠርቶ ነገረን። ጀልባዋ የየመን ዳርቻ ሳትደርስ ደላሎቹ ሰዉን በሌሊት ባሕር ውስጥ አወረዱት። ወንድሜ ዋና አይችልም። ወደ ዳርቻው ከወጡት መካከል አልነበረም።

እናቴ የደም ግፊት አለባት። አጎቴ «ይህን ብትሰማ ተከትላው ትሄዳለች፤ ሆድ ይፍጀው» አለኝ። እሺ አልኩ። እናቴ «ደወለ ወይ?» ስትለኝ «ደውሎ ነበር፤ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ነበር» አልኳት። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። በየወሩ ከደመወዜ መጀመሪያ 1,500፣ አሁን ደግሞ 3,000 ብር እየቀነስኩ «ልኮልሻል» እያልኩ እሰጣታለሁ። ስሙን ጠርታ ትመርቀዋለች። እኔም «አሜን» እላለሁ።

ባለፈው ወር የቤታችንን ካርታ ስፈልግ የእናቴን ሣጥን ከፈትኩ። ከሥሩ በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ ብር አገኘሁ። የሰጠኋት ነው፤ የየወሩን ለየብቻ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። አንዱንም አልነካችም። የግፊት መድኃኒቷን ግን «አልቋል፤ ሰኞ እገዛለሁ» እያለች ሳምንት ሙሉ ሳትወስድ የምትቀርበት ጊዜ አለ። ከብሩ ሥር የተጣጠፈች ወረቀት ነበረች። በካህን እጅ የተጻፈ የስም ዝርዝር ነው። የአባቴ የክርስትና ስም አለ፤ የአያቶቼ አለ፤ በመጨረሻ የወንድሜ አለ። ከስሙ ፊት «ነፍስ ኄር» ይላል።

ሣጥኑን ዘግቼ ወጣሁ። የዚያን ዕለት ማታ ቡና እያፈላች «ወንድምሽ ደወለ ወይ?» አለችኝ። አሁን ሳስበው፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሄዳ «ልጄን በሰላም መልስልኝ» ብላ ስለት ትሳል ነበር። ዘንድሮ «እግሬን አሞኛል» ብላ ቀረች።

ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። እጮኛዬ «ንገሪያትና ይውጣልሽ» ይለኛል። አጎቴ ደግሞ እናቴ በሠርጉ ሰሞን እንዳትጠራጠር ድምፁ ወንድሜን የሚመስል ልጅ አግኝቷል፤ መስመሩ እየተቆራረጠ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ በስልክ እንዲያነጋግራት ይፈልጋል። ግራ ገባኝ። የምታውቅ ከሆነ ለምን ትጠይቀኛለች? ልንገራት ወይስ እንዳላየሁ ሆኜ ልቀጥል?

እህቱ ነኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከማንሳታችን በፊት አጎትሽ ያን ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኙት። እንዲህ ቆርጬ መናገር አልወድም፤ የሰው ቤት ነገር ከሩቅ ሲታይ ሁልጊዜ ቀላል ይመስላል። ይህን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እስካሁን ያደረጋችሁት አንድን ዝምታ በትንንሽ ቃላት መሸፈን ነበር። ይህ በሞተ ሰው አፍ መናገር ነው። የማያውቁት ልጅ «እማዬ» ሲላቸው እናትሽ ምን እንዲመልሱ ትጠብቃላችሁ? ለእናንተ ሲሉ «እሰይ ልጄ» ቢሉ እንኳን፣ በጆሯቸው የቀረውን የልጃቸውን ድምፅ በሌላ ድምፅ ታበላሹባቸዋላችሁ። አጎትሽ በክፋት እንዳላሰቡት ይገባኛል። ዓመታት ሙሉ ዘመም ያለ ቤት በእንጨት እየደገፉ የቆዩ ሰው ናቸው፤ ሠርግ ሲቀርብ አንድ ተጨማሪ እንጨት ፈለጉ። ክፉ እንዳልሆኑ እየነገርሻቸው ይህን እንዲተዉት ለምኛቸው።

አሁን ወደ አንቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ የእናትሽ ግፊት አለ፤ የአጎትሽ ዕቅድና የእጮኛሽ ምክርም አለ። ስለ አንቺ ኀዘን ያገኘሁት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ያቺው «ነበረኝ» የምትለዋ። የወንድምሽን ነገር ከሰማሽ ጀምሮ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? ካለቀስሽስ የት? ከማን ጋር?

ይህን የምጠይቅሽ በእኛ ዘንድ ኀዘን የብዙ ሰው ሥራ ስለሆነ ነው። መርዶ ነጋሪ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ የምትወድቀውን የሚይዝ ሰው አብሮ ይመጣል። እድር ድንኳኑን ይተክላል፤ ጎረቤት በየተራ ንፍሮና እንጀራ ያመጣል። ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ያ ሁሉ ግርግር ለቋሚው መደገፊያ ነው፤ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ለቀናት አከፋፍሎ፣ ለሰዎች አከፋፍሎ ያሸክመዋል። አንቺ ከዚህ አንዱም አልደረሰሽም። የሰማሽ ዕለት ወደ ቤት ስትመለሺ በር ላይ ቆመሽ ፊትሽን አስተካክለሽ ነው የገባሽው ብዬ እገምታለሁ። ከዚያም ከሃምሳ ጊዜ በላይ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር፣ ወንድምሽን በእናትሽ ፊት አስነስተሽ ማታ ብቻሽን መልሰሽ ቀብረሽዋል። ደክሞሻል። «ልንገራት ወይ» የሚለው ጥያቄሽ ውስጥ «እኔ መቼ ነው የማለቅሰው» የሚል ሌላ ጥያቄ የተደበቀ ይመስለኛል፤ ከሆነም አያሳፍርም። እናትሽን ከማነጋገርሽ በፊት ለአንድ ሰው፣ ለልብ ጓደኛሽ ወይም ለምታምኛት አክስትሽ፣ ሙሉውን አውርተሽ አልቅሺ። ያለዚያ እናትሽ ዘንድ የምትሄጂው ለማጽናናት ይሁን ለመጽናናት ለራስሽም ሳይለይሽ ይሆናል።

እጮኛሽ ያንን ሰው መሆን ቢችል እሰየው። «ንገሪያትና ይውጣልሽ» ማለቱ ግን ትንሽ ያሳስበኛል። ከአንቺ የወጣው ነገር የት ሄዶ እንደሚያርፍ አላሰበበትም። ገና ነው፤ ይማራል።

«የምታውቅ ከሆነ ለምን ትጠይቀኛለች?» ላልሽው፣ እናትሽ ልብ ውስጥ ገብቼ አላየሁም፤ ግምቴን ልንገርሽ። «ደወለ ወይ?» ሲሉሽ ወሬ እየፈለጉ አይመስለኝም። እናንተ ቤት የወንድምሽ ስም ከአፍ የሚወጣበት የቀረ በር ያ ጥያቄ ነው። መርዶ ከተነገረና ለቅሶው ካበቃ በኋላ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ፤ «በቃ ተጽናኚ፤ እግዜር የወደደውን አደረገ።» ሠልስቱ ሲያልፍ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከዚያ በኋላ እናትሽ ፊት ስሙን ለማንሳት ሰው ሁሉ ይፈራል። እሳቸው ይህን ያውቁታል፤ አባትሽን ሲቀብሩ አይተውታል። ስለዚህ ጠዋት ካህኑ ፊት ለነፍሱ ያስጸልያሉ፤ ማታ ደግሞ አንቺ ፊት ለዕድሜው ይመርቁታል። ሁለቱም የእናት ሥራ ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሲሉ ሌላውን መጣል አልፈለጉም።

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ለዚህ ዓይነቱ ኀዘን ስም አውጥተውለታል። በእኛ ቋንቋ «ያልለየለት እጦት» ብንለው ያስኬዳል። አስከሬን የለም፤ መቃብር የለም፤ ስለዚህ ልብ «ሞቷል» ከሚለውና «አለ» ከሚለው አንዱን መርጦ መቀመጥ ያቅተዋል። ምሁሯ ታዲያ ሰዎቹን «አንዱን ምረጡ» ብለው አያስጨንቋቸውም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይዞ መኖር እንደሚቻል ነው የሚነግሯቸው። እናትሽ ማንም ሳይነግራቸው እዚያ ደርሰዋል። አንዱን በሣጥን፣ ሌላውን በአፋቸው ይዘውታል።

ማን ነገራቸው ብለሽ ብዙ አትድከሚ። ተጠርዞ የመጣው ልጅ እናት አለችው። የእሱ እናትና የአንቺ እናት ቀፊራ ገበያ ይገናኛሉ፤ አንዷ ልጇ ተመልሶላታል፤ የሌላዋ አልተመለሰም። አንዳንድ ነገር ለመስማት ቃል አያስፈልግም፤ ዓይን ሲሰበር ማየት ይበቃል። የአንቺን ፊት ደግሞ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሲያነቡት የኖሩ ሴት ናቸው። «ደውሎ ነበር፤ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ነበር» ያልሽ ዕለት ያላወቁ እንደሆነ እኔ እገረማለሁ።

የቁልቢውንም ነገር እንዲሁ ነው የማየው፤ ምናልባት እውነትም እግራቸውን አሟቸው ይሆናል። ግን «መልስልኝ» የሚሉት ሲያጡ እዚያ ዳገት ላይ ወጥቶ ምን ይባላል?

አንድ ሌላ ነገር አስቢልኝ። ለቅሶው በይፋ ቢታወጅ እናትሽ ጥቁር ይለብሳሉ። ሠርግሽም ይገፋል፤ ባይገፋም አክስቶችሽ «የወንድሟ ሙት ዓመት ሳይወጣ» ማለታቸው አይቀርም። እናትሽ ይህን ሁሉ አስልተውት ቢሆንስ? አንቺ እሳቸውን ከመርዶ ስትጠብቂ፣ እሳቸው አንቺን ከጥቁር ልብስ እየጠበቁሽ ቢሆንስ? እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለታችሁም አንድ በር ከሁለት ወገን ሆናችሁ የያዛችሁ፣ ሁለታችሁም ወደ ውስጥ የምትገፉ ሰዎች ግን ትመስሉኛላችሁ።

እውነቱን እያወቁ ሌላውን ማመን ነውር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንደ ሁኔታው ነው እላለሁ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ጋራዥ ነው የጨረሱት። የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላም ጡረተኛው ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠው «መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው፤ ይነሣል» ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት፣ እኛም ሁላችን በየቤታችን የምንለውን ነገር ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ያ ባቡር ከእንግዲህ አይነሣም አላቸው። ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ የፈታታሁት እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ የተከራከራቸው ሰው አላስታውስም። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪኩ ባቡር ተመርቆ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው አዲስ ጣቢያ ማለፍ ሲጀምር አመሰገኑት፤ «የእኛው ግን መለዋወጫ ነው የያዘው» አሉ። ድሬዳዋ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው፤ እሳቸውም ከዚያ ሐዲድ ሌላ ሕይወት አልነበራቸውም። ያ አባባላቸው ማንን ጎዳ? ማንንም። ጥላ ነበር፤ ተቀመጡበት።

ደቻቱ ደግሞ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ የወንዙን ጠባይ ያውቃል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ይህን እያወቅን «ደረቅ ነው» ብለን ዳሩ ላይ ቤት ሠርተን ተኛንበት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሌሊት መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የደረሱበት ሳይታወቅ የቀሩ ሰዎች ቤተሰቦች ያንን ያልለየለት እጦት እስከ ዛሬ ያውቁታል። እዚያ ላይ የሚያጽናናው ቃል አልጋ ሆኖ ነበር፤ ሰው ተኝቶበት ነው ውኃው የመጣው።

እናንተ ቤት ውኃው የሚመጣው በየት በኩል ነው? በእኔ ዓይን በመድኃኒቱ በኩል ነው። እናትሽ ብር እያላቸው መድኃኒት ሳይወስዱ ይከርማሉ። የሙት ስም የተጠራበት ብር መብላት ከብዷቸው ሊሆን ይችላል። ወይም ብሩ ከአንቺ ደመወዝ እንደሚቀነስ ያውቃሉና ለሠርግሽ እያጠራቀሙልሽ ይሆናል፤ የየወሩን ለየብቻ መጠቅለላቸው ወደዚህ ነው የሚመራኝ። (እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 1,500 ብሮች ዛሬ ምን እንደሚገዙ ባናስበው ይሻላል።) የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ደኅና ሲሰማ የሚተዉት፣ ሲያም የሚመለሱበት አይደለም፤ ሰውየው ምንም ሳይታወቀው ከፍ ብሎ ቆይቶ ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን ይጎዳል። እናትሽን ከመርዶ ስትጠብቋቸው የኖራችሁበት ምክንያት እኮ ይኸው ግፊት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስተካከል ያለብሽ ውሸት ስለ ሞት የተነገረው አይደለም። የብሩ ነው፤ እሱ የራስሽ ነው፤ ለማስተካከል የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። የሚቀጥለው ደመወዝ ሲወጣ ብሩን በእጃቸው ስጪያቸውና «እማዬ፣ ይህ ከእኔ ነው፤ ለመድኃኒትሽ» በያቸው። ማብራሪያ አትጨምሪበት። «እሱስ?» ቢሉሽ «የእሱን ተዪው፤ ይህ የእኔ ነው» ይበቃል። ዝም ብለው ሊቀበሉሽ ይችላሉ። አሁንም ይመርቃሉ፤ በዚያን ቀን ግን የሚመረቀው ማን እንደሆነ አዳምጪ።

ቀጥሎ «ደወለ ወይ?» ሲሉሽ የምትመልሺው አለ። እስካሁን «ደውሎ ነበር» ትያለሽ። ከእንግዲህ «አልደወለም፤ ናፍቆኛል» በይ። በቋንቋችን ውስጥ ለሕያውም ለሙትም እኩል የምንላት ቃል ስፈልግ እሷን አገኘሁ። ዓረብ አገር ያለን ሰው እንናፍቃለን፤ መቃብር ያለን ሰውም እንናፍቃለን። ቃሏ የት እንዳለ አትጠይቅም። አንቺ ሳትዋሺ ትናገሪያታለሽ፤ እናትሽም በፈለጉት ወገን ይቀበሏታል። እንደ ስለት እንዳትቆጥሪያት ደግሞ፤ አንድ ማታ ተናግረሻት ምንም ላይሆን ይችላል። «እኔንም» ብለው ሁለተኛውን ቡና ቀድተው ሊሰጡሽ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ጠጪ፤ ወረቀቱን አታንሺ፤ ሣጥኑን አታንሺ። በሌላ ማታ ደግመሽ በያት። ስለ ልጅነቱ አንድ ነገር አንሺ፤ ያበላሸውን፣ የሰበረውን፣ የተገረፈበትን። ስሙን በጥያቄው በር ብቻ የሚያስገቡት ሌላ በር ስላላገኙ ከሆነ፣ ሌላ በር ክፈቺላቸው።

ቢከፍቱልሽስ? ድንገት «ልጄ፣ አንቺም ታውቂያለሽ አይደል?» ቢሉሽ? ያኔ «አዎ» በይ። «ለምን አልነገርሽኝም» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ እሳቸውም ተመሳሳዩን ቢጠይቁሽ የሁለታችሁም መልስ አንድ ነው። ሣጥኑን መክፈትሽን የምትነግሪያቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አብራችሁ አልቅሱ፤ መሐል ላይ ሰው አያስፈልግም።

የነፍስ አባታችሁን ግን ቀደም ብለሽ ብታገኚያቸው እወዳለሁ። ወረቀቱን የጻፉት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። «እናቴ ምን ነገረችዎት?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፤ አይነግሩሽም፤ ቢነግሩሽም ጥሩ አልሠሩም። አንቺ የምታውቂውን ንገሪያቸው፤ ብሩንም፣ የተመላሹን ልጅ ቃልም፣ ወረቀቱን ማየትሽንም። ያኔ የሁለታችሁንም ጫፍ የያዘ አንድ ሰው ይኖራል ማለት ነው። እናትሽ ድንኳን እንዲተከል ይፈልጉ እንደሆነ፣ ወይስ በጸሎተ ፍትሐትና በጥቂት ሰው ብቻ እንዲያልቅ ይሻሉ፣ ያንን በጊዜው የነፍስ አባታችሁ ሊጠይቋቸው ይችላሉ። ለሚያውቅ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ምንም ሆነ ምን፣ እናትሽ መድኃኒታቸውን ለጥቂት ሳምንታት ሳያቋርጡ ወስደው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸው ተለክቶ ይሁን።

ስለ ሠርጉ እናትሽን ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ ሠርጉን እንዲህ ሆነን ላድርገው?» ብለሽ ብቻ። «እንዲህ» የምትለው ቃል ውስጥ ምን እንዳለ ይገባቸዋል። «ይደረግ» ካሉሽ ይደረግ። ትዳር በውሸት ላይ አይጀመርም የሚልሽ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሁለት ሰዎች ተማምነው የያዙት ዝምታ ውሸት ይባል እንደሆነ እሱ ያስብበት። «እስቲ ትንሽ ይቆይ» ካሉሽ ደግሞ ያው እጮኛሽ መታገሥ መቻሉን የምታይበት ጊዜ ደረሰ ማለት ነው።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው አለ። ተመላሹ ልጅ የነገራችሁ «ከወጡት መካከል አልነበረም» ብሎ ነው፤ ሌሊት ነበር፤ ሁሉም ነፍሱን ለማዳን ይሯሯጥ ነበር። በጅቡቲና በየመን መካከል ያለው የባሕር መተላለፊያ፣ ባብ ኤል መንደብ፣ በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚህ ቁልቢ ከምንሄደው ያንሳል፤ ዓረቦቹ ግን «የእንባ በር» ነው የሚሉት። ተስፋ ልቀሰቅስብሽ አይደለም፤ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ቀን ግን ወይ አንቺ ወይ እናትሽ «ያልፈለግንበት ቦታ ቀረ» የሚል ቁጭት ቢይዛችሁ፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ በስደት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው። ፎቶግራፉን፣ ሙሉ ስሙን፣ የወጣበትን ጊዜና አብረውት የነበሩትን ይዛችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን ግን ከእናትሽ ተደብቀሽ አትጀምሪው። ከአሁን በኋላ በእናንተ ቤት አዲስ ምስጢር ባይገባ ደስ ይለኛል።

ቀን የምትመርጪ ከሆነ፣ ከምሳ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚገባበትን ሰዓት ምረጪ፤ ጎረቤት አይመጣም፣ ስልክም አይበዛም። ያ ሁሉ እስኪሆን ግን ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄድሽ በፊት ፋርማሲ ጎራ በይና የወር መድኃኒታቸውን ገዝተሽ አልጋቸው አጠገብ አስቀምጪላቸው። ማን ላከው ቢሉሽ፣ መልሱን ታውቂዋለሽ።